ድምፅ ከባለቤቱ ሲለይ

እናቴ ቴፕ ፊት ተቀምጣ መናገር እምቢ ያለችበትን ምሽት አልረሳውም። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ደብዳቤ ይመጣል፤ ደብዳቤ ይሄዳል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችምና እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ጽፌ ጨርሼ ሳነብላት ግን ሁልጊዜ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እያሳመርኩ እጽፍ ነበር። በዚያን ወቅት ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ድምፁን በካሴት ቀርጾ መላክ እየለመደ ስለነበር እኔም ከጎረቤት ቴፕ ተዋስኩ፣ ባዶ ካሴት ገዛሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ «በይ ተናገሪ» አልኳት።

ዝም አለች።

«እማዬ፣ እየዞረ ነው እኮ!»

«ለማን ነው የምናገረው? ይሄ ሰው ነው እንዴ?»

ቴፑን አጠፋሁ፤ አስረዳሁ፤ እንደገና አስነሣሁ። አሁንም ዝም። በመጨረሻ መላውን ያገኘችው ራሷ ናት። «አንተ መጥተህ ፊት ለፊቴ ተቀመጥ፤ እሱ ነህ ብዬ ላውራህ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በወንድሜ ስም እየጠራች መከረችኝ፣ ገሠጸችኝ፣ መረቀችኝ። በየመካከሉ «አይደለም ወይ?» ትለኝና ራሴን እስክነቀንቅላት ትጠብቃለች።

ይህን ያነሣሁት የቤተሰቤን ታሪክ ለመተረክ ብዬ አይደለም። ስለ ድምፅና ስለ ፊልም መሣሪያዎች አመጣጥ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የፈልሳፊዎቹ ስምና ዓመተ ምሕረት ይደረደርና «ዓለምን አቀራረቡ» ተብሎ ይዘጋል። እኔ ግን ስለዚህ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለው የእናቴ ጥያቄ ነው። ለማን ነው የምናገረው? የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ ተናጋሪ ካለ ሰሚ ነበር። ዘፋኝ ካለ ተቀባይ፣ አልቃሽ ካለች ደረት የሚመታ ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች መጡና ሁለቱን ለያዩዋቸው። የዛሬው ዘፈን፣ የዛሬው ጨዋታና ትወና ሁሉ በዚያ መለያየት ልክ የተሰፋ ልብስ ነው ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ነገሩን ከኤዲሰን መጀመር የተለመደ ነው። ከእሱ ሃያ ዓመት ቀድሞ ግን፣ በ1857፣ ኤዱዋር ሌዎን ስኮት የሚባል ፓሪስ ውስጥ በኅትመት ሥራ የሚተዳደር ሰው በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የድምፅን ሞገድ የሚጭር መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ስኮት የፈለገው ድምፅን ለማየት ነው። ጭረቱን መልሶ ወደ ድምፅ መለወጥ ይቻላል የሚል ሐሳብ አልነበረውም። በ1860 አንድ የታወቀ የፈረንሳይ ሕዝብ ዘፈን ወረቀቱ ላይ ጭሮ አስቀመጠ። ያ ወረቀት 148 ዓመት ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ በ2008 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር ረዳትነት አናገሩት። መጀመሪያ የሴት ወይም የልጅ ድምፅ መስሏቸው ነበር። ቆይተው ሲመረምሩት ለካ በእጥፍ ፍጥነት ነበር ያጫወቱት፤ ሲያዘገዩት የሰውዬው የራሱ የጎረነነ ድምፅ ሆኖ ተገኘ። ሰሚ እንደሚኖረው ሳያውቅ የዘፈነ ሰው ቢኖር ይህ ስኮት ነው።

ቶማስ ኤዲሰን በ1877 የሠራው ፎኖግራፍ ግን መያዝ ብቻ ሳይሆን መልሶ መናገርም ይችላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጡሩምባ በመሰለው አፍ ሲናገሩበት ስስ ሽፋን ይንቀጠቀጣል፤ ሽፋኑ ላይ የተያያዘችው መርፌ በቆርቆሮ ወረቀት በተጠቀለለ ከበሮ ላይ ትወጋለች። መርፌዋን ወደ መነሻዋ መልሶ ከበሮውን ማዞር ነው፤ ያው ድምፅ ይመለሳል። ኋላ የቆርቆሮው ወረቀት በሰም ተተካ።

ኤዲሰን በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1878፣ መሣሪያው ምን ምን ጥቅም እንደሚሰጥ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ዘርዝሮ ጻፈ። ዐሥር ናቸው። አንደኛው ያለ ጸሐፊ ደብዳቤ መላክ ነው። ሁለተኛው ለዓይነ ስውራን የሚያነብ መጽሐፍ ነው። ሙዚቃ የመጣችው በአራተኛ ተራ ነው። ከእሷ በኋላ የቤተሰብ ድምፅ፣ በተለይም የሚሞቱ ሰዎች የመጨረሻ ቃል ይጠቀሳል። የሚናገር ሰዓትም አለ። እንግዲህ ፈልሳፊው ራሱ በዋናነት ያሰበው እናቴ ያደረገችውን ነገር ነበር፤ በድምፅ የተላከ ደብዳቤ። ገበያው ግን ሌላ ነገር አሰበ። በ1889 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሉዊስ ግላስ የሚባል ነጋዴ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ሳንቲም ሲከቱበት የሚዘፍን ፎኖግራፍ አቆመ። ሰሚው በጆሮው ቱቦ ሰክቶ ነው የሚያዳምጠው። መጠጥ ቤት ሙሉ ሰው መካከል ቆሞ ለብቻው ዘፈን መስማት ያን ጊዜ ተጀመረ።

የድምፅ ደብዳቤ ግን ጨርሶ አልቀረም። ከሁሉም የሚደንቀው የዚህ ዓይነት ደብዳቤ ደግሞ የእኛ ነው። በነሐሴ 1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ሆነው ለዐፄ ምኒልክ መልእክት በፎኖግራፍ ተናገሩ። መልእክቱን አዲስ አበባ ያደረሰው የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል የነበረው ካፒቴን ጆን ሐሪንግተን ነው። ንግሥቲቱ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር። ድምፃቸው የተቀረጸበት ሰም ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ነው። እንደ ትእዛዙም ሆነ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በበኩላቸው መልሳቸውን በዚያው መሣሪያ ተናግረው ላኩ፤ የእነሱን ድምፅ ግን ማንም አጥፉ አላለም፣ ማንም አላጠፋውም። ለዚህ ነው ዛሬ የዐፄ ምኒልክን ድምፅ የምንሰማው። የቪክቶሪያ ግን፣ በእርግጠኝነት የእርሳቸው ነው ተብሎ ማንም ሳይከራከርበት የሚሰማ ድምፅ ዛሬ የለም።

እኔ የምኒልክን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት በሬዲዮ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ የመሰለ ጩኸት አለ። ከዚያ ጩኸት ሥር አንድ ሽማግሌ እንደ ሩቅ ሰው ይናገራል። ቃሉን ለመለየት ጆሮ ማቆም ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ «አፈ ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ ነው። በዚያ ዘመን አፈ ንጉሡ የዳኞች አለቃ ሆነዋል፤ ስሙ ግን የጥንቱን ሥርዐት ይናገራል። ንጉሥ በአደባባይ በገዛ አፉ አይናገርም፤ የሚናገርለት አፍ አለው። በዚህ ሥርዐት ያደጉ ንጉሠ ነገሥት ከጡሩምባው አፍ ፊት ለፊት ሆነው በቀጥታ መናገራቸው ቀላል ነገር አይደለም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ሦስተኛ ነገር መጣ፤ ቃል ሆኖ ሳለ የሚወረስ።

ቪክቶሪያን ምን አስፈራቸው? አንዲት ንግሥት ድምፃቸው ያለ እሳቸው ፈቃድ፣ ባላዘዙት ቦታና በማያውቁት ሰው ፊት ሲናገር መስማት ባይፈልጉ አይገርምም። ደብዳቤ ማኅተም አለው። ድምፅ ምን ማኅተም አለው? እንዲያውም ከሁለቱ ነገሥታት ፎኖግራፍ ምን እንደሆነ የበለጠ የገባቸው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም እላለሁ። ለእኛ ግን ምኒልክ ባይጠረጥሩ ተጠቀምን።

በነገሥታቱ ዘንድ እንዲህ ሲሆን፣ ከድምፃቸው ሌላ የሚሸጡት ያልነበራቸው ሰዎች ዕጣ ሌላ ነበር። ጆርጅ ጆንሰን በባርነት ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በጀልባ መሻገሪያዎች ላይ እያፏጨና እየዘፈነ ሳንቲም ይለቅም ነበር። ከ1890 ጀምሮ ድምፁ በሰም ተቀረጸና በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ከሁሉ የገነነለት በመሐሉ ከት ብሎ የሚስቅበት ዘፈን ነው። ታዲያ በዚያን ጊዜ አንዱን ሰም ከሌላው ማባዛት እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጥቂት ጡሩምባዎች ፊቱ ይደረደራሉ፤ አንድ ጊዜ ሲዘፍን ጥቂት ሰሞች ይገኛሉ፤ ሌላ ሲፈለግ እንደገና ይዘፍናል። ጆንሰን ያንን ዘፈን በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ዘፍኖታል። በቀን ብዙ ጊዜ፣ የሚያስቅ ሰውም ነገርም በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ለጡሩምባ ከት ብሎ ይስቃል! ኋላ ሰምን በቅርጽ እያወጡ ማባዛት ሲቻል ድምፁ በየቤቱ ቀረ፤ ሰውዬው ግን አላስፈለገም። በመጨረሻ ዘመኑ በአንድ የቀድሞ ባልደረባው ቢሮ በር ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። በ1914 ሞተ።

ጡሩምባው ዘፋኙን ብቻ አይደለም የመረጠው፤ የሙዚቃ መሣሪያውንም መረጠ። ከ1925 በፊት ማይክሮፎን የሚባል ነገር በሸክላ ቀረጻ ውስጥ አልነበረም። መርፌዋን የሚያንቀሳቅሳት የድምፁ ጉልበት ብቻ ስለሆነ ለስላሳ ድምፅ አይመዘገብም፤ ከልክ በላይ የጠነከረ ደግሞ መርፌዋን ያስዘልላል። ስለዚህ ታምቡር ወደ ጥግ ተገፋ ወይም ተከለከለ። የትልቁን ባለ አውታር ባስ ሥራ የነሐስ ቱባ ወሰደው። ለቫዮሊን እንኳ ሆዱን አውልቀው ጡሩምባ ተከሉለት። ዘፋኙ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲዘፍን ወደ ጡሩምባው ይጠጋል፤ ከፍ ሲያደርግ ያፈገፍጋል። ኤንሪኮ ካሩሶ በ1902 ሚላኖ ውስጥ አንድ ሆቴል ክፍል ዐሥር ዘፈን ቀርጾ በዓለም የገነነው አንዱ ምክንያት ጉሮሮው ለጡሩምባው የተስማማ ስለነበረ ነው። ጡሩምባው የማይቀበለው ስንት ግሩም ድምፅ በዚያው ዘመን ኖሮ እንዳለፈ ማን ይቆጥረዋል?

ከዚያ ደግሞ የጊዜው ነገር አለ። ኤሚል በርሊነር በ1887 የፈለሰፈው ጠፍጣፋ ሸክላ ሲሊንደሩን እያሸነፈ መጣ። የተለመደው የሸክላ መጠን በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ዘፈን ሦስት ደቂቃ መሆን አለበት ያለ የሙዚቃ ሊቅ የለም፤ የወሰነው የሸክላው ስፋት ነው። የሩሲያው ተወላጅ ኢጎር ስትራቪንስኪ በ1925 አንድ የፒያኖ ሥራውን እያንዳንዱ ክፍል በአንድ የሸክላ ገጽ እንዲያልቅ አድርጎ እስከ መድረስ ሄዷል። ሸክላው ከቀረ በኋላ እንኳ ልኩ አልቀረም። ዛሬ ሬዲዮ ከፍተን የምንሰማው ዘፈን ሦስት አራት ደቂቃ ላይ ሲያልቅ ማንም ለምን አይልም።

አሁን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን እናስብ። ተሰማ የምንጃር ሰው ናቸው፤ ጨዋታ ዐዋቂ፣ ግጥም እንደ ውኃ የሚወርድላቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1908 አውቶሞቢል መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። እዚያ ሳሉ በርሊን ውስጥ ዘፈናቸው በሸክላ ተቀረጸ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላ ያ ነው። «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም ሃያ ሰባተኛ ቁጥር ለእሳቸው ሸክላዎች መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ሆኖ ወጥቷል።

የአዝማሪ ጨዋታ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ግጥሙ ግማሹ የዘፋኙ፣ ግማሹ የሰሚው ነው። አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል፤ ሌላው በዚያ ላይ ይጨምራል። የገባውን ሰው አይቶ ያወድሳል፤ ንፉጉን በሰምና ወርቅ ይወጋል። ትዝታ ሲጀመር መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም፤ ቤቱ ሲበቃው ያልቃል። እንግዲህ ይህንን ጥበብ ይዘው ተሰማ በርሊን ውስጥ ከጡሩምባ ፊት ቆሙ። ስንኝ የሚሰጥ የለም። አማርኛ የሚሰማ ሰው በክፍሉ ውስጥ ቢኖር እንኳ ትንፍሽ ማለት አይፈቀድለትም። ከመርፌዋ በቀር የሚጠብቃቸው የለም፤ እሷም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አትጠብቅም። እነዚያን ሸክላዎች በሰማሁ ቁጥር የሚያሳዝነኝም የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። ባይቀረጹ ኖሮ አንዲት ስንኝ አትደርሰንም ነበር። የደረሰን ግን ጨዋታው አይደለም፤ ከጨዋታው የተቆረጠ የአንድ ወገን ድምፅ ነው።

በመጽሔት ገጽ ላይ ይህንን አስቀድሞ የጮኸ ሰው አለ። አሜሪካዊው የማርሽ ባንድ መሪ ጆን ፊሊፕ ሱዛ በ1906 መካኒካል ሙዚቃ አደጋ ነው ብሎ ጻፈ። መሣሪያው ከዘፈነልን እኛ መዝፈን እንተዋለን፤ ልጆች በየደጃፉ ማንጎራጎር ይረሳሉ፤ ዘፈን የባለሙያ ብቻ ይሆናል፤ ይህ ነው ፍርሃቱ። የሱዛ ጩኸት ግማሹ ስለ ኪሱ ነበር፤ የዘፈን ደራሲዎች ከሸክላ ሽያጭ ምንም አያገኙም ነበርና። የኪሱ ጉዳይ በ1909 በሕግ ተስተካከለለት። የቀረውን ግማሽ ማን ያስተካክለዋል? በሠርግ ቤት የድምፅ ማጉያ ተተክሎ ሙሽራዋን የሚያጅቡት ሚዜዎች አፋቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ ባየሁ ቁጥር ሱዛ ትዝ ይለኛል።

ወደ ፊልሙ ልለፍ። እዚህም ላይ ኤዲሰን ነው በመጀመሪያ የሚገኘው፤ ዋናውን ሥራ የሠራው ግን ረዳቱ ዊልያም ዲክሰን ነበር። በ1894 ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ ኪኔቶስኮፕ የሚባሉ ዐሥር ሣጥኖች ለሕዝብ ተከፈቱ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በቀዳዳ ያያል፤ ደቂቃ የማይሞላ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ያልፍለታል፤ ቀጥሎ ሌላው ይጎነበሳል። አንድ ሣጥን ለአንድ ዓይን። የፈረንሳዮቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች ብልሃት ሥዕሉን ከሣጥን አውጥቶ ግድግዳ ላይ መጣል ሆነ። ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ በግራንድ ካፌ ምድር ቤት ሠላሳ ሦስት ሰዎች አንዳንድ ፍራንክ ከፍለው ገቡ። ባቡር ሲመጣባቸው እየጮኹ ሸሹ የሚለው ታሪክ በዚያ ምሽት አልሆነም፤ የባቡሩ ፊልም በዚያ ዕለት ከታዩት ዐሥሩ ውስጥ አልነበረም። ያ ምሽት ያመጣው ቁም ነገር ሠላሳ ሦስት ሰው ጨለማ ውስጥ አንድ ላይ መቀመጡ ነው። መሣሪያው የበተነውን ጉባኤ መሣሪያው መልሶ ሰበሰበው ማለት ነው፤ ግን እንግዳ ጉባኤ። ፊቱን ወደ አንድ ወገን ያዞረ፣ ቢያጨበጭብ የማይሰማው ተዋናይ የሚመለከት።

አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ሲከፈትባት ሕዝቡ ያወጣለትን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ሰይጣን ቤት»። በዚህ ስም ስንስቅ ኖረናል። እኔ ግን አሁን አልስቅም። ታላቁ የሩሲያ ደራሲ ማክሲም ጎርኪ በ1896 የሉሚዬሮችን ፊልም አይቶ ሲጽፍ የጥላዎች መንግሥት ውስጥ ገብቶ እንደ ወጣ ያህል ነበር የተሰማው፤ ድምፅ የሌላቸው፣ ቀለም የሌላቸው፣ እየሳቁ ሣቃቸው የማይሰማ ሰዎች። ጎርኪና የአራዳ እናቶች በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሥጋ የሌለው ሰው ሲንቀሳቀስ አይተዋል፤ ያዩትንም በሚያውቁት ስም ጠርተውታል።

ድምፅ አልባ ፊልም የሚባለው ራሱ አዳራሹ ውስጥ ዝም ያለ አልነበረም። በአሜሪካና በአውሮፓ ፒያኖ ነጂ ወይም ሙሉ ኦርኬስትራ ከሸራው ሥር ተቀምጦ ያጅባል። በጃፓን ደግሞ «ቤንሺ» የሚባሉ ተራኪዎች ነበሩ። ከሸራው አጠገብ ቆመው ታሪኩን ያብራራሉ፤ በወንዱም በሴቷም ድምፅ ይናገራሉ፤ ያስለቅሳሉ። ሕዝቡ ከተዋናዩ ይልቅ የሚወደውን ቤንሺ ስም አይቶ ሲኒማ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ይህንን ሳነብ የሳቅኩት ልጅ ሆኜ ያደግኩባት የክፍለ ሀገር ከተማ ትዝ ብላኝ ነው። የሕንድ ፊልም ሲመጣ አንድ ጎረምሳ ነበረን። ፊልሙን አዲስ አበባ አይቶት መጥቷል፤ ወይም አይቼዋለሁ ይላል። መሐል ወንበር ላይ ተቀምጦ «አሁን ወንድሙ መሆኑን ሊያውቅ ነው!» እያለ በአማርኛ ያስኬደዋል። ሕንድኛ ያውቅ እንደሆነ የጠየቀው የለም። እሱ የሌለ ቀን ግን ፊልሙ አይጥምም።

በጥቅምት 1927 ዋርነር ወንድማማቾች አል ጆልሰን የሚዘፍንበትን «ዘ ጃዝ ሲንገር» አወጡ። ፊልሙ አብዛኛው ድምፅ አልባ ነው፤ ዘፈኖቹና ጥቂት ንግግር ብቻ ይሰማሉ። ያ ጥቂት ንግግር ግን በቃ። ድምፁ የሚመጣው ከፊልሙ ጋር አብሮ ከሚዞር ትልቅ ሸክላ ነበር። ሸክላው ዐሥራ አንድ ደቂቃ የሚሄደውን የፊልም ጥቅል እንዲያክል በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ እንዲዞር ተደረገ። በ1948 የወጣው ረጅሙ የሙዚቃ ሸክላ፣ እኛ ኤልፒ የምንለው፣ ይህንኑ ፍጥነት ነው የወረሰው። በቤታችን ግራሞፎን ላይ ያ ቁጥር ለምን እንደተጻፈ ሳላውቅ ነበር ያደግኩት። ፊልሙም ቢሆን ቀድሞ በእጅ እየዞረ እንደ አንሺውና እንደ አሳዪው እጅ ይፈጥንና ይዘገይ ነበር፤ ድምፅ ሲመጣ በሴኮንድ 24 ሥዕል ተብሎ ተቆረጠ።

ተናጋሪው ፊልም ሲመጣ ከሸራው ሥር የተቀመጡት ሙዚቀኞች በሺዎች ተሰናበቱ። የቤንሺዎቹም ቀን መሸ። ከእነሱ አንዱ ሄይጎ ኩሮሳዋ ይባላል። ታናሽ ወንድሙን እየወሰደ ፊልም ያሳየው፣ ስለ ፊልም ያስተማረው እሱ ነበር። ቤንሺዎች ሥራቸውን ለማዳን ሥራ ሲያቆሙ ከመሪዎቹ አንዱ ሆነ፤ ተሸነፉ። በ1933 ራሱን ገደለ። ታናሽ ወንድሙ አኪራ ኩሮሳዋ ነው፤ ኋላ ዓለም ከሚያከብራቸው የፊልም አዘጋጆች አንዱ የሆነው። የታላቁን እንጀራ የወሰደው መሣሪያ ለታናሹ እንጀራ ሆነ።

ከ1925 በኋላ የመጣው ማይክሮፎን ጡሩምባ የከለከለውን ሁሉ መልሶ ፈቀደ፤ ክራርም ማሲንቆም ሹክሹክታም። እንደ ቢንግ ክሮዝቢ ያሉ ዘፋኞች ለሺህ ሰው መጮኽ ትተው ለአንድ ሰው ጆሮ የሚያንሾካሹኩ መሰሉ። ይህ ራሱ አስገራሚ ነው። ሰሚው ከጠፋ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዘፋኙ ሰሚው ትከሻው ላይ እንዳለ አድርጎ መዝፈን ተማረ። በእኛ አገር ይህ ጥበብ ያፈራው ዘግየት ብሎ ነው። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በ1948 በወጣ ዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ዓምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ዐዋጁን ቸል ብሎ የራሱን ሸክላ ማውጣት ጀመረ። ውጭ አገር እያሳተመ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጣ። እንደ አዝማሪ ቤት ትዝታ ያልተወሰነው ዜማ በአርባ አምስት ዙር ሸክላ ልክ ተከርክሞ፣ ግን አምሮ፣ በየቡና ቤቱ የገባው ያን ጊዜ ነው። እኔም የዚያ ሸክላ ልጅ ነኝ፤ መከርከሙን ያወቅኩት ካረጀሁ በኋላ ነው።

ዛሬ በሚኒባስ ስሄድ ተሳፋሪው ሁሉ በጆሮው ሰክቶ በእጁ ወዳለችው ትንሽ መስታወት አቀርቅሯል። የ1889ኙ የሳን ፍራንሲስኮ ቱቦና የ1894ቱ የኒው ዮርክ ቀዳዳ አንድ ላይ ተገናኝተዋል። ሉሚዬሮች የሰበሰቡት ጉባኤ እየተበተነ ነው።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ወንድሜ ለሰባተኛ ዓመቷ መታሰቢያ ሲመጣ ያንን ካሴት ይዞት መጣ። በየዓመቱ ሲሰማው ኖሯል፤ ወደ ኮምፒዩተርም አስገልብጦታል። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ከፈተው። ድምፅዋ እንደ ትናንት ነው። ትመክራለች፤ «አይደለም ወይ?» ትላለች፤ ከዚያ ዝምታ። ሴኮንዶች ያልፋሉ። እንደገና ትቀጥላለች።

«እዚህ ላይ ሁልጊዜ አልችልም» አለኝ፤ «ልቅሶዋን ዋጥ ስታደርገው ይሰማኛል።»

እኔ ራሴን የነቀነቅኩበት ቦታ ነው። ነገርኩት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ታዲያ አላለቀሰችም?» አለኝ።

«አላለቀሰችም።»

ወደ ኋላ መለሰውና ከመጀመሪያው አስጀመረው።